እርምጃው ትንሽ ነው፤ ቦታውስ? የፒዞኤሌክትሪክ ሞተር ተረትና እውነታ

የጋዝ ምድጃ መለኮሻ ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ብልጭታ የሚሰጠው ውስጡ ያለው ሴራሚክ ሲመታ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ነው። ይህን ባሕርይ በ1880 እ.ኤ.አ. በክሪስታሎች ላይ የደረሱበት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክና ፒየር ኩሪ ናቸው። ነገሩ ተገላቢጦሽም አለው፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ሴራሚኩ ይለጠጣል። በማይክሮስኮፕ ሥር ናሙና፣ በሌዘር ፊት መስታወት ተሸክመው በቀጥታ መስመር የሚንሸራተቱ ብዙ ትንንሽ ጠረጴዛዎችን የሚነዳቸው ይኸው ባሕርይ ነው።

ተረት፦ ሴራሚኩ የሚለጠጠው በጥቂቱ ስለሆነ ሞተሩ ሩቅ አይሄድም።

እውነታ፦ መለጠጡ በእርግጥ ትንሽ ነው፤ ከርዝመቱ ከሺህ አንድ ገደማ። 10 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ሴራሚክ የሚያድገው 10 ማይክሮሜትር ያህል፣ ከፀጉር ውፍረት በታች ነው። ሞተሩ ግን እርምጃውን ይደጋግማል። በአንደኛው ዓይነት ሴራሚኩ ቀስ ብሎ ሲለጠጥ ጠረጴዛው በሰበቃ ተይዞ አብሮ ይሄዳል፤ በድንገት ሲኮማተር ጠረጴዛው ሊከተለው ስለማይደርስ ባለበት ይቀራል። እህል የምታበጥር እናት ሰፌዱን በመጠኑ እየነቀነቀች እህሉን ወደ አንድ ጠርዝ እንደምትሰበስበው ማለት ነው። እርምጃው በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም መንገዱ የሚያልቀው ሃዲዱ ሲያልቅ ብቻ ነው።

ተረት፦ መብራት ሲጠፋ ቦታውን ይለቃል።

እውነታ፦ እንደ ዓይነቱ ነው። በሰበቃ የሚራመደው ሞተር በስፕሪንግ ተጭኖ ስለሚቆም ያለ ኃይል ቦታውን ይይዛል፤ ሙቀትም አያመነጭም። የሚለጠጠው ሴራሚክ ራሱ በቀጥታ የሚገፋበት መሣሪያ ግን ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ወደ ኋላ ይመለሳል።

ተረት፦ ጥርስና ዘይት ስለሌለው አያልቅም።

እውነታ፦ የሚያራምደው ሰበቃ ነው፤ ሰበቃ ደግሞ ይበላል። የሚነካኩት ገጾች ከጊዜ በኋላ ያልቃሉ፤ ስለዚህ ዕድሜው በተጓዘው ርቀት ይለካል።

ተረት፦ በናኖሜትር ከተራመደ በናኖሜትር ትክክል ነው።

እውነታ፦ ብዙዎች ገንዘባቸውን የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው። ሴራሚኩ ያንኑ ቮልቴጅ ሲሰጡት ሁልጊዜ እኩል አይለጠጥም፤ ቮልቴጁ ሲወጣና ሲወርድ ያለው ልዩነት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በሰበቃ የሚራመደውም ወደፊትና ወደኋላ የሚወስደው እርምጃ እኩል አይደለም፤ ጭነት ሲጨመርበትም ያጥራል። ስለዚህ ጠረጴዛው የት እንዳለ እያነበበ ስሕተቱን የሚያሳርም ሴንሰር ያስፈልገዋል። ሴንሰሩም ቢሆን ሙቀትን አያሸንፍም፦ 100 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሲየስ ሲጨምር 2,300 ናኖሜትር ያህል ይረዝማል። አጠገቡ ቆሞ የሚሠራ ሰው የሰውነት ሙቀት እንኳ ልኬቱን ሊያዛባ ይችላል።

ስለዚህ ሻጭ «1 ናኖሜትር» ሲላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ እርምጃው ነው ወይስ ቦታው?