ቡጢኛው ጓንቱን መቼ ይስቀል?

እኛ በሄሉ ሞያሌ ያለን የሠራዊቱ አባላትና ቤተሰቦቻችን በቅርብ የምናውቀው የኬንያ ሕዝብ በኩራትም በኀዘንም የሚያነሣው አንድ ቡጢኛ አለው፤ ስሙ ሮበርት ዋንጊላ ነው። በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ ለፍጻሜ የገጠመውን ፈረንሳዊ በሁለተኛው ዙር በዝረራ ጥሎ ለአገሩ በቡጢ የመጀመሪያውን የወርቅ ሜዳልያ ያስገኘ ጀግና ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ላስ ቬጋስ ላይ ባደረገው ግጥሚያ ዳኛው በዘጠነኛው ዙር ውጊያውን አቆመ። ዋንጊላ ለምን ይቆማል ሲል ተቃወመ። በእግሩ ተራምዶ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ከገባ በኋላ ራሱን ሳተ፤ ሁለት ቀን ሳይሞላውም አረፈ። ዕድሜው ገና 26 ነበር።

ስለ አንጋፋ ቡጢኞች ልጽፍ ተነሥቼ በአንድ ወጣት ሞት መጀመሬ አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ይሁን እንጂ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ምት የሚያርፍበት ሰው የደረሰበትን ጉዳት ከሁሉ በኋላ የሚያውቅ ሰው ነው። ለድል ያበቃው ያው አልበገርም ባይነት ማቆሚያውን ይሰውርበታል።

የመሐመድ አሊን ታሪክ እንመልከት። አሊ በ1975 ማኒላ ላይ ከጆ ፍሬዘር ጋር ያደረገው ውጊያ ሁለቱንም ለሞት አፋፍ ያደረሰ ነበር፤ በዚያው ቢያቆም ከክብሩ የሚጎድል አንዳችም ነገር አልነበረም። አላቆመም። በ1977 ከኤርኒ ሼቨርስ ጋር ተጋጥሞ በነጥብ ካሸነፈ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት ያገለገለው ሐኪሙ ፈርዲ ፓቼኮ የአሊ ኩላሊት መጎዳቱን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት አገኘ። ውጤቱን ከደብዳቤ ጋር ለራሱ ለአሊ፣ ለባለቤቱና ለሥራ አስኪያጁ ላከ። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም፤ ሐኪሙም ቡድኑን ትቶ ሄደ። አሊ በ1979 መሰናበቱን ቢያስታውቅም በ1980፣ በ38 ዓመቱ፣ ቀድሞ የልምምድ አጋሩ ከነበረው ከላሪ ሆልምስ ጋር ለመግጠም ተመለሰ። በዚያ ምሽት ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እንኳ አንድ ዙር አልሰጠውም። ከአሥረኛው ዙር በኋላ በቃ ያለው አሠልጣኙ አንጄሎ ዳንዲ ነበር። ይህም አልበቃ ብሎ በ1981 ባሃማስ ውስጥ እንደገና ተዋግቶ ተሸነፈ። በ1984 የፓርኪንሰን ሕመም እንዳለበት ታወቀ፤ በ1996 አትላንታ ላይ የኦሎምፒኩን ችቦ ሲለኩስ እጁ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን ተመልክቷል።

ከዚያ ሁሉ ታሪክ እኔን የሚያሳስበኝ ለባለቤቱ የተላከው ደብዳቤ ነው። ሐኪሙ ደብዳቤውን ለቤት እመቤቲቱ ጭምር መላኩ ትክክል ነበር። በጭንቅላት ላይ የሚደጋገም ምት የሚያስከትለውን ጉዳት ሐኪሙ ሃሪሰን ማርትላንድ ገና በ1928 ጽፎታል፤ ምልክቶቹም በአብዛኛው የሚታዩት በሪንግ ውስጥ ሳይሆን በማዕድ ዙሪያ ነው። ንግግሩ ይጎተታል፤ ያስቀመጠውን ዕቃ ይረሳል፤ ጽዋ ሲያነሣ እጁ ይርበተበታል፤ ቀድሞ በማይቆጣበት ነገር ይቆጣል። አሠልጣኝ ይህን ላያይ ይችላል፤ ሚስት ግን ታያለች። እንግዲህ እኅቶቻችን፣ ባለቤታችሁ በጦር ክፍሉ የቡጢ ቡድን ውስጥ የሚገኝ ከሆነ፣ ይህን ለክፍሉ ሐኪም መንገር ባልን ማሳጣት እንዳይመስላችሁ። የቡጢ ሹማምንትም ቢሆኑ ዕድሜን በቸልታ አይመለከቱም፤ በ2024ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ቡጢኛ አይፈቀድለትም ነበር።

በአገራችን መሰናበትን የተማርነው ይበልጡን ከሯጮቻችን ነው። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1968 ሜክሲኮ ላይ ሦስተኛውን የማራቶን ድል ፍለጋ ቢነሣም እግሩ ታምሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ፤ ወርቁን ግን እንደ እርሱ የክብር ዘበኛ ወታደር የነበረው ማሞ ወልዴ በ36 ዓመቱ ተረከበ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2010 ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱ አስቸግሮት ከወጣ በኋላ በቃኝ አለ፤ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሐሳቡን ለወጠ፤ በመጨረሻ የተሰናበተው በ2015 ማንቸስተር ላይ ነው። ኃይሌ በእነዚያ አምስት ዓመታት ያጣው ቢኖር ደረጃ ብቻ ነው። ቡጢኛ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም።

አንዳንዱ ደግሞ ማቆም እየፈለገ የሚያቆምበት አቅም ያጣል። ጆ ሉዊስ በከባድ ሚዛን 12 ዓመት ገደማ ሻምፒዮን ሆኖ የቆየ፣ በ1942 በጦር ሠራዊቱ የተመዘገበ፣ የሁለት ግጥሚያ ገቢውንም ለባሕር ኃይሉና ለምድር ጦሩ መረዳጃ የለገሰ ሰው ነበር። በ1949 ተሰናበተ። ነገር ግን የግብር ዕዳው ተከምሮ ወደ ሪንግ መለሰው። በ1951፣ በ37 ዓመቱ፣ ሮኪ ማርሲያኖ በስምንተኛው ዙር ከገመዱ ውጭ ጣለው። አሸናፊው ራሱ ሉዊስን እያደነቀ ያደገ ወጣት ነበርና በድሉ አልተደሰተም። በቁጠባ የሚኖር ቤት ለቡጢኛም ለወታደርም ሁለተኛ ምሽግ ነው የምንለውም ለዚህ ነው።

በ1994 ጆርጅ ፎርማን በ45 ዓመቱ ማይክል ሙረርን በአሥረኛው ዙር ዘርሮ የዓለም ሻምፒዮንነቱን ማስመለሱን አንሥቶ የሚከራከር አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን ፎርማን ቀደም ሲል አሥር ዓመት ያህል ከሪንግ ርቆ፣ ጭንቅላቱን ከምት አሳርፎ የተመለሰ ሰው ነው፤ ደግሞም ከርሱ በኋላ እኔም እንደርሱ ነኝ ብለው የተሰለፉት ብዙዎቹ እርሱን አልሆኑም።

ጆ ሉዊስን የጣለው ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49 ጊዜ አሸንፎ በ1956 ተሰናበተ። ዕድሜው 32 ነበር፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ ከባለቤቱና ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር ለመኖር መፈለጉን ተናገረ። በ1959 ቀበቶው በስዊድናዊው ኢንገማር ዮሐንሰን እጅ ሲገባ የመመለስ አምሮት አደረበትና ልምምድ ጀመረ። አንድ ወር ያህል ሰውነቱን ፈተነው፤ ከዚያም ሐሳቡን ትቶ ወደ ቤቱ ገባ።