ምጣድና ፀሐይ፦ የቤት ውስጥ የኃይል ሚዛን በወለጋ ከተሞች

የመኖሪያ ቤት የኃይል ሚዛን ማለት ቤቱ ኤሌክትሪክ የሚፈልግበትን ሰዓትና ኃይሉ የሚገኝበትን ሰዓት ማጣጣም ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ነቀምቴና እንደ ጊምቢ፣ ሻምቡና ደምቢ ዶሎ ባሉት የወለጋ ከተሞች ይህን ሚዛን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው የእንጀራ ምጣድ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ባለ 3.5 ኪሎዋቱ ሳያቋርጥ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ኪሎዋት ሰዓት ቆጣሪው ፍጆታን የሚለካበት አሐድ ነው። በአንጻሩ እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ ስድስት አምፖሎች ከምሽቱ 12 እስከ 5 ሰዓት ቢበሩ የሚወስዱት 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ በመሆኑ፣ «አምፖል አጥፉ» የሚለው የተለመደ ምክር የሚያተርፈው ከሚታሰበው እጅግ ያነሰ ነው።

የሶላር ፓኔል ብርሃንን ወደ ቀጥተኛ ጅረት ሲለውጥ፣ ኢንቨርተር ደግሞ ያንን ጅረት የቤት ዕቃዎች ወደሚሠሩበት 220 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት ይቀይራል። ባለ 250 ዋት ሁለት ፓኔሎች በጠራ የበጋ ቀን ብክነቱ ተቀንሶ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሚሰጡ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥን፣ ለስልክና ለአነስተኛ ፍሪጅ ይበቃሉ፤ ለጋገራ ግን አይደርሱም። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ 1.2 ኪሎዋት ሰዓት ቢይዝም ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹ ብቻ ስለሚቀዳ፣ ምጣድ ቢሰካበት በአሥር ደቂቃ ያልቃል፤ ምጣዱ በወጉ ሳይግል ማለት ነው።

ችግሩ ከአንድ ቤት አልፎ ሰፈርን ይነካል። ስልሳ ቤቶች በአንድ ጊዜ ቢጋግሩ 210 ኪሎዋት ስለሚፈልጉ፣ 200 ኪሎ ቮልት አምፔር አቅም ያለው ትራንስፎርመር ከልኩ በላይ ይጫናል። ስለሆነም ጋገራን ሁሉም መብራት ከሚያበራበት ምሽት ማሸሽ፣ ተጨማሪ ፓኔል ከመግዛት ይልቅ ለሰፈሩ የሚበጅ እርምጃ ነው።

ወቅቱም ሚዛኑን ይለውጣል። የነቀምቴ ዝናብ በአብዛኛው ከግንቦት እስከ መስከረም ስለሚወርድ በእነዚህ ወራት ደመናው የፓኔሉን ምርት ይቀንሳል፤ ይሁንና ያው ዝናብ በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ያለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመረቀውንና በኋላ ተስፋፍቶ 134 ሜጋዋት የደረሰውን የፊንጫ ኃይል ማመንጫ ግድብ ይሞላል። ፀሐይና ውኃ እንዲህ ተራ ስለሚጠባበቁ ሶላር የዋናው መስመር አጋዥ እንጂ ተተኪ ሆኖ ሊታሰብ አይገባም።

ሶላር ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይመልከት፦ ምጣዱ ላይ የተጻፈውን ዋትና የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጥላ በቆርቆሮው ላይ የሚያርፍበትን ሰዓት። የፓኔሉን ጥግ ብቻ የነካ ጥላ እንኳ በተከታታይ የተያያዙትን ፓኔሎች ምርት በእጅጉ ይቀንሳል።