ከሥራ የሚያስለቅቀው ደመወዝ ብቻ ነውን?

ፋርማሲ ተምረው በመድኃኒት ምዝገባ የተሰማሩ ወጣቶች በየቤታችን አሉ። ገሚሱ በመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የመድኃኒቱን ሰነድ ይመረምራል፤ ገሚሱ በአስመጪ ድርጅት ሆኖ ያንኑ ሰነድ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ሙያው አንድ ነውና ከወዲህ ወዲያ መሻገር ብዙ አያስቸግርም። ቤተሰብም «የትኛው የተሻለ ይከፍላል?» ማለቱ አይቀርም። የቤት ኪራይና ልጅ ማሳደግ ቀልድ ስላልሆነ በጠያቂው አንፈርድም። ግን «እምቢ ስትል አለቃህ ከጎንህ ይቆማል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ለምን ጠፋ?

የዶክተር ፍራንሲስ ኬልሲን ነገር እናንሳ። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሲቀጠሩ ወዲያው የታሊዶማይድ ሰነድ ቀረበላቸው። መድኃኒቱ በአውሮፓ እየተሸጠ ስለነበር ኩባንያው ቶሎ እንዲፈቅዱለት ወተወታቸው። እርሳቸው ግን ስለ ደህንነቱ የቀረበው ማስረጃ አይበቃም ብለው መለሱት፤ ደግመውም መለሱት። አለቆቻቸውም ደገፏቸው። በ1961 መገባደጃ ጉዱ ወጣ፤ ነፍሰ ጡሮች የወሰዱት መድኃኒት ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ እንዲወለዱ አድርጎ ነበር። በዓለም ዙሪያ የተጎዱት ከ10,000 እንደሚበልጡ ይገመታል።

እኛን ይበልጥ የገረመን ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሸለሟቸው፤ የአገሪቱ የመድኃኒት ሕግም በዚያው ዓመት ጠበቀ። ኬልሲ ተመልሰው ወደ ዶሴያቸው ገቡ። ጡረታ የወጡት በ2005፣ በ90 ዓመታቸው፣ ከዚያው መሥሪያ ቤት ነው።