የሕይወት መድን ምርመራና እውነተኛ ቃል

እኛ በማስተማር ሥራ ብዙ ዘመን የቆየን እንደ መሆናችን፥ ከጎረቤቱ ወረቀት የሚኮርጀውን ተማሪ መገሠጽ የዘወትር ተግባራችን ነው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት የሕይወት መድን ለመግባት አስበን ማመልከቻውን ስንሞላ፥ ተፈታኞቹ እኛው ራሳችን ሆነን ተገኘን። ከጥያቄዎቹ አንዱ «የደም ግፊት ሕመም አለብዎን?» ይል ነበር። በሐኪም ትእዛዝ በየዕለቱ የግፊት ክኒን የምንወስድ ስንሆን፥ ዓረቦኑ እንዳይጨምርብን ፈርተን «የለብንም» ብለን ልንጽፍ ብዕራችንን አነሣን። ባለቤታችን ይህን አይታ፥ «ይህ ገንዘብ የሚከፈለው እርስዎ ሲያልፉ አይደለምን? ያን ጊዜ ስለዚህ ቃል የሚጠየቀው ማን ነው?» አለችን። እኛም የምንመልሰው ስላጣን ብዕሩን አስቀመጥን።

ጥያቄዋ ከሕጉ ጋር የተስማማ ነው። ስለ መድን የሚናገረው ክፍሉ ዛሬም የሚሠራበት የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ፥ መድን የሚገባ ሰው አደጋውን ለመመዘን የሚያስፈልገውን የሚያውቀውን ነገር ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ በቁጥር 667 ያዝዛል፤ አውቆ በተንኮል የደበቀ ወይም ሐሰት የተናገረ እንደ ሆነ ግን ውሉ እንደማይጸና በቁጥር 668 ይደነግጋል። አባወራው ከሞተ በኋላ ኩባንያው የሕክምና መዝገቡን ሊጠይቅ ይችላል። የተደበቀው ነገር በዚያ በተገኘ ጊዜ፥ በቤት የቀሩት እናትና ልጆች በኀዘናቸው ላይ ክርክር ይጨመርባቸዋል።

ስለዚህ የዝግጅቱ መጀመሪያ እውነቱን መጻፍ ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን፥ የታከሙበትን ስፍራና ዘመን፥ የተደረገልዎን ቀዶ ሕክምና፥ ወላጆችዎን ያገኛቸውን ጽኑ ሕመም አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ከመታወቂያዎ ጋር ይያዙ።

ምርመራው እንደ ዕድሜውና እንደ ገንዘቡ ብዛት ይለያያል። በተለመደው ግን ቁመትና ክብደት ይለካል፤ የደም ግፊት ይታያል፤ ልብና ሳንባ ይደመጣል፤ ሽንትና ደም ይመረመራል። ዕድሜው ለገፋ ወይም ከፍ ያለ ገንዘብ ለጠየቀ ሰው የልብ ምት በመሣሪያ ሊነሣ ይችላል።

የደም ስኳርና ስብ የሚለካ እንደ ሆነ «ጾመው ይምጡ» ይባላል። ይህን ቃል ከመካከላችን እንደ ቤተ ክርስቲያን ጾም የሚተረጕመው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። የሐኪሙ ጾም ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ከማናቸውም ምግብ መከልከል ነው፤ ሽሮ በልቶ መሄድም ያው ማፍረስ ነው። ንጹሕ ውሃ ግን አይከለክልም፤ እንዲያውም ሰውነት ውሃ ባይጐድለው ደም ለመቅዳት ይቀላል። ስለዚህ ማታ በ2 ሰዓት ራት በልቶ ጧት በ2 ሰዓት መቅረብ ይበቃል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ የማይቀምስ ሰው ቀጠሮውን ከፋሲካ በኋላ ቢያደርገው ይሻላል። የስኳር ሕመምተኛ ግን፥ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ፥ ስኳሩ ያለ ልክ ወርዶ ሊጥለው ስለሚችል ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንዲህ አይጹም።

የጧቱ ቡና ከምርመራው በኋላ ይጠጣ፤ ግፊትን ለጥቂት ጊዜ ከፍ ያደርጋልና። በዋዜማው ማኅበር ወይም ድግስ ቢኖር ጠላውንና ጠጁን ይተዉ፤ መጠጥ የደምን ስብ ያበዛል። ከባድ የጉልበት ሥራ ወይም ሩጫ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሊያሳይ ስለሚችል በዚያ ቀን ይቆይ። ሌሊቱን ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰውም ዐርፎ በሌላ ቀን ቢቀርብ መልካም ነው። የዘወትር የግፊት ክኒን ግን ሐኪም ካላዘዘ በቀር አይቋረጥም።

እኛ ታክሲ አጥተን በእግራችን ገሥግሠን ደረስንና፥ መጀመሪያ የተለካው ግፊታችን 158 በ96 ሆነ። ነርሷ ይህን አይታ፥ ጀርባችንን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፥ እግራችንን ሳናነባብር መሬት አስረግጣ፥ ክንዳችንን በልባችን ትክክል አሳርፋ፥ 5 ደቂቃ ያህል ዝም ብለን እንድንቀመጥ አደረገችን፤ ሁለተኛው 138 በ86 ሆነ። ዕረፍቱ ሕመሙን አላጠፋውም፤ ጥድፊያው የጨመረበትን ብቻ አነሣለት። እንግዲህ ዝግጅት ማለት የሰውነትን እውነተኛ መልክ ማሳየት እንጂ መሸፈን አለመሆኑን በዚህ ተረዳን።

ቅጹን እንደ እውነቱ ስለ ሞላን ዓረቦኑ ጥቂት ጨመረብን፤ ውሉ ግን ያለ ሥጋት በሣጥናችን ተቀምጧል። ኩባንያው ማመልከቻውን ባይቀበል ስንኳ ምርመራው ከንቱ አይሆንም፤ የደም ግፊትና ስኳር ምልክት ሳያሳዩ ለዓመታት ሊሰወሩ ይችላሉና፥ ሰውዬው በጊዜ ወደ ሕክምና ይሄድበታል።

በትምህርት ቤት የኮረጀ ተማሪ ቢያዝ የሚወድቀው እርሱ ራሱ ነው። በዚህኛው ፈተና ግን አባት ይኮርጃል፥ ልጆች ይወድቃሉ።