«ሩቅ» የሚባለው ከየት ይጀምራል?

በዳ ቪንቺ ሮቦት የሚያክም የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከበሽተኛው ጥቂት ሜትሮች ርቆ ይቀመጣል። በመመልከቻው እያየ መያዣዎቹን ሲያንቀሳቅስ፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ሰውነት ውስጥ የገቡት መሣሪያዎች እጁን ይከተላሉ። ማሽኑን የሚሠራው ኢንቱዊቲቭ ሰርጂካል ብሩክሂል-ዊልክ በተባለ የፓተንት ባለመብት ኒው ዮርክ ውስጥ ሲከሰስ፣ ክርክሩ ያረፈው በእነዚህ ጥቂት ሜትሮች ላይ ነበር። ክሱ የተመሠረተበት፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተሰጠው የፒተር ዊልክ ፓተንት ጥበቃ የጠየቀው ሐኪሙ በሽተኛውን በቀጥታ በእጁ ሊነካ ከማይችልበት «ሩቅ ቦታ» ሆኖ መሣሪያውን ለሚያዝበት አሠራር ነው። ታዲያ በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሩቅ ይባላል? የፌዴራሉ ወረዳ ፍርድ ቤት አይባልም አለ፤ የፓተንቱ መግለጫ የሚያወራው ስለ ስፔሻሊስቶች የጉዞ ወጪና ድካም ስለሆነ፣ ቦታው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ውጭ መሆን አለበት በማለት። የፌዴራል ሰርኪዩት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2003 ይህን ትርጓሜ ሻረ።

የይግባኙ ውሳኔ ትክክል ነበር እላለሁ። የመብቱ ወሰን የራሱን መለኪያ ይዟል፤ መለኪያው የእጅ መድረስና አለመድረስ እንጂ የክፍል ግድግዳ አይደለም። መግለጫው ከባሕር ማዶ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን ጥቅም ማንሳቱ አንዱን አገልግሎት ያሳያል፤ ሌላውን ትቻለሁ ማለት ግን አይደለም። ዳኛው ግድግዳውን ከጨመረ፣ ፓተንቱን መተርጎሙ ቀርቶ እንደገና መጻፉ ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የሕዝብን ጥቅም ያነሳል፦ አህጉር ስለሚያቋርጥ ሕክምና የጻፈ ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ በሚሠራ ማሽን ላይ ለምን መብት ያገኛል? ሥጋቱ እውነት አለው። በዚያ ዘመን የይግባኙ ፍርድ ቤት የፓተንት ቃላትን ሲተረጉም ለመዝገበ ቃላት የሰጠው ክብደትም ከልክ ያለፈ ነበር፤ ያው ፍርድ ቤት በ2005 በፊሊፕስ ጉዳይ ለፓተንቱ መግለጫ ቅድሚያ በመስጠት አርሞታል። ቢሆንም «በቀጥታ ሊነካ የማይችልበት» የሚለው ሐረግ የተጻፈው በፓተንቱ ላይ ስለሆነ፣ መዝገበ ቃላቱ ቢዘጋም ውጤቱ አይለወጥም። ደግሞም ሰፊ ወሰን በነጻ አይገኝም። ወሰኑ በሰፋ ቁጥር ቀደም ብለው የተሠሩ ሥራዎች ፓተንቱን ሊያፈርሱት ይችላሉ፤ ዳ ቪንቺ ራሱ የተነሣበት፣ ኤስአርአይ የተባለው የምርምር ተቋም ያካሄደው የርቀት ቀዶ ሕክምና ምርምር የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የተከሳሹ መከላከያ መፈለግ የነበረበት እዚያ ነው።