ፍርዱን እያወቅን ምን እንጠብቃለን?

መቼም ፊልም ወዳድ ሰው መጨረሻውን ቀድሞ የሚነግረውን አይወድም። የታዋቂ ችሎት ድራማ ሊጀመር ነው ሲባል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፍርዱን ጠንቅቀን የምናውቀው እኛው ነን ቀድመን ቴሌቪዥኑ ፊት የምንደረደረው!

የኦ ጄ ሲምፕሰንን ጉዳይ ውሰዱ። የቀድሞ ሚስቱ ኒኮል ብራውንና ሮናልድ ጎልድማን እ.ኤ.አ. በጁን 1994 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በስለት ተገደሉ። በኦክቶበር 1995 ሰውየው በነፃ ተለቀቀ። በ1997 ደግሞ የፍትሐ ብሔር ችሎት ለሁለቱ ሞት ተጠያቂ ነህ አለው። ኤፍ ኤክስ የተባለው ጣቢያ በ2016 ነገሩን የ10 ክፍል ድራማ አድርጎ ሲያመጣው ፍርዱ 20 ዓመት አልፎት ነበር። ታዲያ ሰዉ ምን ጠበቀ? ከፖሊስ የሸሸችውን ነጭ መኪና፣ እጁ ላይ አልገባ ያለውን ጓንት፣ የጠበቆቹን ንትርክ...

እኔም ብሆን ለዚህ ለዚህ እጓጓለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ታሪኩ ችሎት ውስጥ አልተጀመረም። ሰውየው በ1989 ሚስቱን ደብድበሃል ተብሎ ተከሶ፣ ክሱን ሳይከራከር ተቀጥቷል። ከተፋቱ በኋላ በ1993 ኒኮል በፍርሃት እየተንቀጠቀጠች «ድረሱልኝ» ብላ ስትደውል ድምጿ ተቀርጿል።

በእኛስ ሰፈር? «የባልና የሚስት ነገር ነው፣ አትግቡበት» ይባልና በር ይዘጋል።

እንግዲህ ቀጣዩ የችሎት ድራማ ሲመጣ ቡናችሁን አፍልታችሁ ጠብቁ። ጎረቤታችሁ «ድረሱልኝ» ስትል ግን እባካችሁ የሚቀጥለውን ክፍል አትጠብቁ!