የኒውክሌር ጣቢያ አደጋዎች፦ ለምን ይደርሳሉ? ጤናንስ እንዴት ይጎዳሉ?

"የኒውክሌር አደጋ" ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ቦምብን ነው። ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ የኒውክሌር ጣቢያ ግን እንደ አቶሚክ ቦምብ ሊፈነዳ አይችልም። ዋናው አደጋ ሌላ ነው፦ በጣቢያው ውስጥ ታሽገው መቆየት ያለባቸው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች አምልጠው ወደ አየር፣ ወደ ውኃ፣ ወደ ሣር፣ ከዚያም ወደ ወተት መግባታቸው ነው።

በኢትዮጵያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የለም። ይሁን እንጂ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በአሜሪካ፣ በአውሮፓ አገሮችና በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች (በባራካ) እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ይሠራሉ። ስለዚህ ከዚህ በፊት የደረሱት አደጋዎች ምን እንዳስተማሩ ማወቅ ለእርስዎም ሆነ ለቤተሰብዎ ይጠቅማል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• ከባድ አደጋ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስህተት ሳይሆን የንድፍ ጉድለት፣ የሰው ስህተትና ችላ የተባለ ማስጠንቀቂያ ሲገጣጠሙ ነው።
• ከአደጋው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በተለይ ሕፃናትን የሚያሰጋው በታይሮይድ ዕጢ የሚከማቸው ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ነው።
• ሕዝቡ ቶሎ ከተነገረውና የተበከለ ወተት ከመጠጣት ከተከለከለ ጉዳቱ በእጅጉ ይቀንሳል።
• በችኮላና ያለ ዝግጅት የሚደረግ ማፈናቀል ራሱ ታማሚዎችንና አረጋውያንን ሊገድል ይችላል።

ሪአክተር ከቆመ በኋላ ለምን ይግላል?

በሪአክተር ውስጥ የዩራኒየም አቶሞች ሲሰነጠቁ ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ ውኃን ወደ እንፋሎት ይለውጣል፤ እንፋሎቱም ተርባይን እያሽከረከረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። መቆጣጠሪያ ዘንጎች ወደ ውስጥ ሲገቡ ስንጠቃው ይቆማል።

ነገር ግን ሙቀቱ አብሮ አይቆምም። የእንጀራ ምጣድ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ያቃጥላል፤ ሆኖም ቀስ በቀስ ይበርዳል። የኒውክሌር ነዳጅ ግን ስንጠቃው ከቆመ በኋላም ራሱ ሙቀት ማመንጨቱን ይቀጥላል። ይህ ሙቀት በመጀመሪያ ከሙሉ ኃይሉ ከ6 እስከ 7 በመቶ የሚደርስ ሲሆን፣ እየቀነሰ ቢሄድም ለቀናትና ለሳምንታት ውኃ እየዞረ ሊያቀዘቅዘው ይገባል። ውኃው ከተቋረጠ ነዳጁ ይቀልጣል። የሚሞቀው የነዳጁ የብረት ሽፋንም ከእንፋሎት ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ይፈጥራል፤ ሃይድሮጅን ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል።

ሦስት አደጋዎችና መንስኤዎቻቸው

1. ስሪ ማይል አይላንድ (አሜሪካ፣ 1979)

እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በፔንሲልቬኒያ ግዛት በሚገኘው ጣቢያ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ መዘጋት ሲገባው ተከፍቶ ቀረ። ማቀዝቀዣው ውኃ በዚያ ይፈስ ጀመር። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ያለው መብራት ግን የሚያሳየው ቫልቩ እንዲዘጋ ትእዛዝ መተላለፉን እንጂ በእርግጥ መዘጋቱን አልነበረም። ሠራተኞቹ ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ፤ ውኃው እንደበዛም ስላሰቡ የአደጋ ጊዜ ማቀዝቀዣውን ቀነሱት። ከነዳጁ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

ከ18 ወራት ገደማ በፊት በሌላ የአሜሪካ ጣቢያ ተመሳሳይ ነገር ደርሶ ነበር። ትምህርቱ ግን ለእነዚህ ሠራተኞች አልደረሰም። እንደ ዕድል ሆኖ ጠንካራው መያዣ ሕንፃ አብዛኛውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ስላስቀረ፣ በአካባቢው ነዋሪዎች ላይ የደረሰው የጨረር መጠን በጣም አነስተኛ ነበር።

2. ቼርኖቤል (የቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት፣ በዛሬዋ ዩክሬን፣ 1986)

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 (ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.) ከሌሊቱ 7፡23 ገደማ አራተኛው ሪአክተር ፈነዳ። በዚያ ሌሊት ይካሄድ የነበረው የደኅንነት ሙከራ ነበር። ሙከራው ለቀን ፈረቃ ታስቦ ሳለ በመዘግየቱ፣ በቂ ዝግጅት ባላደረገው የሌሊት ፈረቃ እጅ ወደቀ። የሪአክተሩ ኃይል ከታሰበው በታች ሲወርድ፣ ሠራተኞቹ ኃይሉን ለመመለስ አብዛኞቹን መቆጣጠሪያ ዘንጎች አወጡ።

ሪአክተሩም የራሱ የንድፍ ጉድለት ነበረው። ማቀዝቀዣው ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ኃይሉ ከመቀነስ ይልቅ ይጨምር ነበር። የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ የታችኛው ክፍል ደግሞ ግራፋይት ስለነበር፣ ወደ ውስጥ መግባት ሲጀምሩ ለጥቂት ሰከንዶች ኃይሉን ከፍ ሊያደርጉ ይችሉ ነበር። ስለዚህ የማቆሚያው ቁልፍ ሲጫን፣ ማዳን የነበረበት እርምጃ አደጋውን አባባሰው። ይህ ጉድለት በ1983 በሊትዌኒያ በሚገኝ ተመሳሳይ ሪአክተር ላይ ታይቶ ነበር፤ በቼርኖቤል ቁልፉን ለተጫኑት ሠራተኞች ግን አልተነገራቸውም። ሪአክተሩን የሚከልል ጠንካራ መያዣ ሕንፃም ስላልነበረ፣ እሳቱ ለ10 ቀናት ያህል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮችን ወደ ሰማይ ሲለቅ ቆየ።

3. ፉኩሺማ ዳይቺ (ጃፓን፣ 2011)

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ከቀኑ 8፡46 መጠኑ 9.0 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ጃፓንን መታ። በሥራ ላይ የነበሩት ሦስት ሪአክተሮች እንደታቀደው ቆሙ። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ግን ወደ 14 ሜትር የሚደርስ የሱናሚ ማዕበል ጣቢያውን አጥለቀለቀው። ዝቅ ባለ ቦታ የተቀመጡት ጄነሬተሮች በውኃ ተያዙ፣ መብራት ጠፋ፣ ማቀዝቀዣውም ቆመ። የሦስቱም ሪአክተሮች ነዳጅ ቀለጠ፤ ሃይድሮጅንም ሕንፃዎችን አፈነዳ።

ጣቢያው ይቋቋማል ተብሎ የተሰላው እስከ 5.7 ሜትር ለሚደርስ ማዕበል ነበር። የጣቢያው ኩባንያ በ2008 ባደረገው ስሌት ከ15 ሜትር በላይ ማዕበል ሊመጣ እንደሚችል ቢታይም፣ መከላከያው ሳይሠራ ቀረ። የጃፓን ፓርላማ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽንም አደጋው ሰው ሠራሽ እንደሆነ ደምድሟል። ለመንቀጥቀጡ ማዕከል ይበልጥ ቅርብ የነበረው የኦናጋዋ ጣቢያ ግን ከፍ ባለ ቦታ ላይ በመሠራቱ ያለ ከባድ ጉዳት በደኅና ቆሟል።

የጋራ ምክንያቶቹ ምንድን ናቸው?

• ችላ የተባለ ማስጠንቀቂያ፦ በሦስቱም አደጋዎች አስቀድሞ የታየ ምልክት ነበር። ያወቁት ሰዎች አልሠሩበትም፤ ወይም ለሚመለከተው አልተናገሩም።
• ሠራተኛውን የሚያሳስት ንድፍ፦ የተሳሳተ ነገር የሚያሳይ መብራት ወይም ኃይል የሚጨምር ማቆሚያ፣ ጥንቁቅ ሠራተኛንም ያሳስታል።
• የአቋራጭ ልማድ፦ እ.ኤ.አ. በ1999 በጃፓን ቶካይሙራ በሚገኝ የነዳጅ ማዘጋጃ፣ ሥራውን ለማፋጠን ሲባል ሠራተኞች ከተፈቀደው መጠን በላይ የሆነ የዩራኒየም ፈሳሽ በባልዲ ወደ አንድ ጋን ቀዱ። ከሦስቱ ሠራተኞች ሁለቱ በጨረር ጉዳት ሞቱ።
• ለመጥፎ ቀን አለመዘጋጀት፦ "ይህ አይደርስም" የሚል እምነት ልምምድንና መጠባበቂያን ያስቀራል።

በጤና ላይ የሚደርሰው ጉዳት

ፈጣን የጨረር ሕመም። ይህ የሚይዘው በአጭር ጊዜ እጅግ ከፍተኛ ጨረር የደረሰባቸውን ሰዎች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የጣቢያው ሠራተኞችና የእሳት አደጋ ተከላካዮች ናቸው። መጀመሪያ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይመጣል። ከዚያም የአጥንት መቅኔ ስለሚጎዳ የደም ሕዋሳት ያልቃሉ፤ ሕመምተኛው በቀላሉ ይደማል፣ በኢንፌክሽንም ይጠቃል። በቼርኖቤል ይህ ሕመም በ134 ሰዎች ላይ የተረጋገጠ ሲሆን፣ 28ቱ በዚያው ዓመት ሞተዋል።

የታይሮይድ ካንሰር። ታይሮይድ በአንገት ፊት ለፊት የሚገኝ ዕጢ ሲሆን ሥራውን ለመሥራት አዮዲን ይፈልጋል። ተራውን አዮዲን ከራዲዮአክቲቭ አዮዲን መለየት ስለማይችል ሁለቱንም ይሰበስባል። አዮዲን በምግቡ ያነሰው ሰው ዕጢ ደግሞ ይበልጥ ይስባል። ራዲዮአክቲቭ አዮዲን (አዮዲን 131) በየ8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ወሳኙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው።

በቼርኖቤል አካባቢ ላሞች የተበከለ ሣር በሉ፤ ሕፃናትም ወተቱን ጠጡ። እስከ 2005 ድረስ በአደጋው ጊዜ ከ18 ዓመት በታች በነበሩ ሰዎች ላይ ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ተገኝቷል፤ ከዚህ ውስጥ ጉልህ ክፍሉ በዚያ ወተት ምክንያት የመጣ ነው። ይህ ካንሰር በጊዜ ከታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ይሁን እንጂ ሕፃናቱ ቀዶ ሕክምናና ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት አስፈልጓቸዋል።

ሌሎች ካንሰሮች። ከፍተኛ ጨረር የደም ካንሰርንና የሌሎች ካንሰሮችን ዕድል ይጨምራል። መጠኑ አነስተኛ ሲሆን ጭማሪው ትንሽ ስለሆነ፣ ካንሰር ያለበት አንድ ሰው ሕመሙ ከአደጋው የመጣ መሆን አለመሆኑን ለይቶ መናገር ያስቸግራል።

የአእምሮ ጤና። ጭንቀት፣ ድብርትና ከቤት ንብረት መፈናቀል ከሁለቱም አደጋዎች በኋላ ብዙ ሰዎችን ለረጅም ጊዜ ጎድተዋል። ይህም እውነተኛ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው።

ወቅታዊ መረጃ ምን ያህል ያድናል?

እ.ኤ.አ. በ1957 በእንግሊዝ ዊንድስኬል ሪአክተር እሳት ሲነሳ፣ ባለሥልጣናት በቀናት ውስጥ ወደ 500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከሚሆን አካባቢ የሚመጣውን ወተት አስደፉ። በ1986 ፖላንድ ለ10 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት የአዮዲን መድኃኒት በፍጥነት አደለች። በቼርኖቤል ግን አቅራቢያ ያለችው የፕሪፕያት ከተማ ነዋሪዎች አደጋው በደረሰበት ቅዳሜ ሳይነገራቸው ውጭ ሲንቀሳቀሱ ዋሉ፤ ከከተማዋ የወጡት ከ36 ሰዓታት ገደማ በኋላ ነው። ለዓለም የተነገረው ደግሞ ስዊድን ውስጥ ጨረር ከታየ በኋላ ነበር።

በፉኩሺማ ወተትና ምግብ ቶሎ ተከልክሏል፤ በነዋሪዎች ላይም በቀጥታ በጨረር የመጣ የጤና ጉዳት እስካሁን አልተረጋገጠም። ነገር ግን በአቅራቢያው ከነበሩ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መንከባከቢያዎች በጥድፊያ ከወጡት ታካሚዎች መካከል ከ50 በላይ የሚሆኑት በጉዞ ላይ ወይም ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሞተዋል። የገደላቸው ጨረር ሳይሆን ብርድ፣ የውኃ ጥምና የሕክምና መቋረጥ ነው።

አደጋ ቢደርስ ምን ማድረግ ይገባል?

• ቤት ይግቡ። በርና መስኮት ይዝጉ፤ ከውጭ አየር የሚያስገባ መሣሪያ ያጥፉ። ባለሥልጣናት "ውጡ" ካላሉ በስተቀር በራስዎ አይንዱ፣ አይሽሹ።
• ውጭ ከነበሩ የላይኛውን ልብስ አውልቀው በላስቲክ ያሽጉ፤ ገላዎን በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ። ልብስ ማውለቅ ብቻውን አብዛኛውን ብክለት ያስወግዳል።
• የታሸገ ምግብና ውኃ ይጠቀሙ። እስኪፈቀድ ድረስ የአካባቢውን ወተትና ቅጠላ ቅጠል ለልጆች አይስጡ።
• የአዮዲን ክኒን (ፖታሲየም አዮዳይድ) የሚወሰደው የጤና ባለሥልጣናት ሲያዙ ብቻ ነው። ይበልጥ የሚጠቅመው ጨረሩ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም በደረሰ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ለሕፃናት፣ ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ነው። የሚጠብቀው ታይሮይድን ብቻ ነው።
• አዮዲን ያለበት ጨው በየዕለቱ መመገብ እንቅርትን ለመከላከል ጥሩ ነው፤ ክኒኑን ግን አይተካም። በአደጋ ጊዜ ጨው አብዝቶ መብላትም ሆነ የቁስል አዮዲን መጠጣት ጎጂ ነው።
• የማያቋርጥ መድኃኒት የሚወስድ፣ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው በቤትዎ ካለ፣ የመድኃኒቶቹን ዝርዝርና ለጥቂት ቀናት የሚበቃ መጠባበቂያ በአንድ ቦርሳ ያዘጋጁ።

የሕክምና ጨረርን መፍራት ይገባል?

የደረት ራጅ ወደ 0.1 ሚሊሲቨርት ጨረር ይሰጣል። ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ የምናገኘው ደግሞ በዓመት በአማካይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሲቨርት ነው። አንድ የሆድ ሲቲ ስካን 10 ሚሊሲቨርት ያህል ሊሆን ይችላል። ፈጣን የጨረር ሕመም ግን የሚታየው በአንድ ጊዜ ወደ 1,000 ሚሊሲቨርት ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሐኪም ያዘዘውን ምርመራ በፍርሃት አይተዉ፤ የሚያስፈልግበትን ምክንያት ግን መጠየቅ መብትዎ ነው።

ሐኪም ማማከር ያለብዎት መቼ ነው?

• አንገትዎ ላይ እብጠት ካዩ፣ ድምፅዎ ሳይሻሻል ከጎረነነ ወይም መዋጥ ካስቸገረዎት፤
• በልጅነትዎ በተበከለ አካባቢ ኖረው ከሆነ፣ ወይም የታይሮይድ ሕመም ኖሮብዎት የአዮዲን ክኒን እንዲወስዱ ከተነገረዎት፤
• ነፍሰ ጡር ሆነው ጨረር ደርሶብኛል ብለው ከሠጉ። ከቼርኖቤል በኋላ ከስፍራው ርቀው በሚገኙ እንደ ግሪክ ባሉ አገሮች በፍርሃት ብቻ የተቋረጡ እርግዝናዎች አሉ። ማንኛውንም ውሳኔ ከመወሰንዎ በፊት የደረሰብዎት መጠን በባለሙያ ይገመት፤
• ከአደጋ ዜና በኋላ እንቅልፍ ካጡ ወይም ጭንቀቱ ሥራዎን ካስተጓጎለ።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪምዎን ምክር አይተካም።